አምስት ጊዜ የተከፈለው የአቶ ጁማ ውሃ

ለነጭ ምንጭ የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ሐይቅ

ይህን ቃለ ጉባኤ ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር እንዲረዱልን ያስፈልጋል። በሟቹ በአቶ ጁማ ስም ከተመዘገበው ቆጣሪ ውሃ የሰረቀ፣ ያባከነ ወይም ያፈሰሰ ሰው የለም። ሂሳቡን ያሳበጠው ውሃ ሳይሆን ገንዘብ ነው። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ተጽፏል። እርስዎ ለአገሩ አዲስ መሆንዎን ስለሰማን፣ ለእኛ ግልጽ የሆነውንም ለማብራራት ሞክረናል።

ቀን፦ ረቡዕ፣ የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ቦታ፦ የሰፈሩ ቅሬ ዕቃ ቤት። ቅሬ ማለት የሰፈሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ሟቹን አብሮ የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን አብሮ የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። የቅሬው አግዳሚ ወንበሮች ለሠርግ በውሰት ስለወጡ ተሰብሳቢዎች በተደፉ ድስቶች ላይ ተቀምጠዋል።

የተገኙ፦
1. ሐጂ ሀሚዱ፣ የእህል ነጋዴ፣ ሊቀመንበር
2. መሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣ የቅኔ መምህር፣ ምክትል ሊቀመንበር
3. ወጣት ሐቢብ፣ ከጅዳ የተመለሰ፣ አባል
4. ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል፣ ገንዘብ ያዥ (በአጥር በኩል)
5. መምህር መዝገቡ፣ ጡረተኛ፣ ፀሐፊ

በጥሪ የተገኘ፦ አቶ ሙሉጌታ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ቆጣሪ አንባቢ

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፦ የኮሚቴው አባላት ሰባት ሲሆኑ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአምስት ነው። አንዱ አባል ወደ ውጫሌ ገበያ በመሄዳቸው፣ ሌላው በሕመም ምክንያት አልተገኙም። በተባለው ሰዓት በቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ግቢያቸው ከዕቃ ቤቱ ጋር በአጥር ስለሚዋሰን፣ ምስር ወጥ እያማሰሉ ስለነበሩ ትተው መምጣት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር እንደሚሰማቸው አሳወቁ። መስማት መገኘት ነው ወይ በሚለው ላይ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ወይዘሮዋ ከዚህ ቀደም ቤቱ ውስጥ ሆነው ከሰሙት ይልቅ ከአጥር ማዶ ሆነው የሰሙት እንደሚበልጥ ስለታመነበት እንደተገኙ ተቆጠሩ።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡20 ሰዓት ላይ በሐጂ ዱአ ተጀመረ። መሪጌታም በበኩላቸው ጸሎት አደረሱ። ሁለቱም እንደሚያሳጥሩ አስቀድመው ቃል ገብተው ነበር። 8፡45 ላይ ወደ አጀንዳ ተገባ።

አጀንዳዎች፦
1. የወይዘሮ ረቢያ የውሃ ሂሳብ ለምን ሦስት መቶ ብር እንደመጣ ማጣራት
2. ለአገልግሎት ሰጪው የሚቀርበውን አቤቱታ መወሰን
3. ያልተመለሱ የቅሬ ድስቶች

ሦስተኛው አጀንዳ በሥራ ላይ ያሉት ድስቶች ተሰብሳቢ ስለተቀመጠባቸው መቆጠር ባለመቻላቸው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ።

አጀንዳ አንድ

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን አስረዱ። ወይዘሮ ረቢያ ባለፈው ኅዳር ወር ያረፉት የአቶ ጁማ ባለቤት ናቸው። በደሴ መንገድ ዳር ለአውቶቡስ መንገደኞች የሐይቁን አሳ ጠብሰው በመሸጥ ይተዳደራሉ። አቶ ጁማ የዚህ ቅሬ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። የወር መዋጮውን ወሩ ሳይገባ የሚከፍሉ፣ ሌላውም እንዲሁ ካላደረገ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የቤቱ ውሃ በወር ከሃያ ብር በልጦ አያውቅም። በዚህ ወር ግን ሦስት መቶ ብር መጥቷል። እስከ ዓርብ ካልተከፈለ ውሃው ይቆረጣል።

ውሃ ከሌለ አሳ አይታጠብም። አሳ ካልታጠበ ቤቱ ይዘጋል። ወይዘሮ ረቢያ ቤቱን ዘግተው ልጃቸውን ኢቲሳምን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ ሊልኩ መሆኑን ሊቀመንበሩ ገለጹ። ደላላው እሁድ ይመጣል። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት፤ የፓስፖርት ፎቶ ተነስታለች። ፀሐፊው እንደ ቀድሞ መምህሯ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ፣ ኢቲሳም በሂሳብ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ እንደነበረችና አሁንም ሌላ አስተያየት እንደሌለው ተናገረ።

ሐቢብ ጅዳን እንደሚያውቀው፣ ለአንድ ወር የውሃ ሂሳብ ተብሎ የሚኬድበት አገር እንዳልሆነ ተናገረ። በዚያ አገር ሰው ሂሳብ ሲበዛበት ስልክ ደውሎ ቅሬታ እንደሚያቀርብና ጉዳዩ እዚያው እንደሚያልቅ አስረዳ። በሂሳቡ ወረቀት ጀርባ የቅሬታ መቀበያ ስልክ ቁጥር ስለነበረ እንዲደውል ተፈቀደለት። ሲደውል የአቶ ሙሉጌታ ኪስ ጮኸ። አቶ ሙሉጌታ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ውጭ ወጥቶ አነሳ። ሐቢብ ቅሬታውን በዝርዝር አስመዘገበ። አቶ ሙሉጌታ ተመልሶ ገብቶ ከደንበኛ ቅሬታ መቅረቡን ለጉባኤው አሳወቀ። ምን መልስ እንደተሰጠው ሲጠየቅ ጉዳዩ እየተጣራ ነው መባሉን ገለጸ።

መሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣ የሦስት መቶ ብር ውሃ ከፈሰሰ የፈሰሰበት ቦታ መኖር አለበት፣ ስለዚህ ጭቃው ይታይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተደግፎ ሐቢብ ተላከ። ጫማው አቧራ ለብሶ፣ እጁ የተጠበሰ አሳ ይዞ ተመለሰ። ጭቃ አለመኖሩ ተመዘገበ። መሪጌታ ዐቢይ ጾም ሰኞ መግባቱን አስታውሰው አሳውም እንዲመዘገብ ጠየቁ። ሐቢብ እሱ ሙስሊም መሆኑን ገለጸ። መሪጌታ እሱን ሳይሆን ከጓሮ በኩል ለመግዛት ተሰልፈው ሊታዩ የሚችሉ የራሳቸውን ደቀ መዛሙርት ማለታቸው እንደሆነ አስረዱ። ሐቢብ ማንንም አላየሁም አለ። ስንት እንዳላየ ተጠየቀ። ሊቀመንበሩ ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው ብለው አስቆሙ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከአጥር ማዶ ሆነው የሚከተለውን ተናገሩ።

«ቆጣሪ በእግሩ ሄዶ ውሃ አይጠጣም። አንድ ሰው ቧንቧውን በሌሊት እየሳበው ነው። እናንተ ሽማግሌ ነን ትላላችሁ፣ የአንዲት ሐዘንተኛ ውሃ መጠበቅ አቃታችሁ።»

ሊቀመንበሩ ነገሩ እንዲህ ከሆነ በአባቶች ወግ አውጫጭ ይደረግ፣ ማለትም እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ምሎ ስለዚህ ውሃ ያደረገውንና የሚያውቀውን አንድ በአንድ ይናገር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እንደቀረበ መሪጌታ ሳል ያዛቸው። ሐቢብ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። ከአጥር ማዶ የምስሩ ማማሰያ ድምፅ ቆመ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሊቀመንበርም ወዲያው ለመሐላው የሚመች ቀን ሌላ ጊዜ ቢፈለግ እንደሚሻል ተናገሩ። ፀሐፊው ይህን ሐሳብ ደገፈ።

አቶ ሙሉጌታ እጁን አውጥቶ የመናገር ፈቃድ ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ ዝም ያለው አልተጠየቀም በሚል እንደሆነ ገለጸ። ቀጥሎም፣

«ሌባ አይደለም የበዛው። ከፋይ ነው የበዛው» አለ።

እንዲያብራራ ተጠይቆ ያስረዳው እንደሚከተለው ነው። በታኅሣሥ ወር የአቶ ጁማ ሂሳብ ሃያ ብር ነበር። ወይዘሮ ረቢያ በሐዘን ላይ ስለነበሩ አንድ ሰው መጥቶ ከፈለላቸው። በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ሃያ ብር ከፈለ። በሳምንቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ከፈሉ። የክፍያ መስኮቷ ሠራተኛ ወይዘሪት ሚስጥር አምስቱንም ተቀበለች። ለምን ተቀበለች ሲባል፣ ገንዘብ አልቀበልም እንድትል የሚያዝ መመሪያ ስለሌለ ነው። በሚቀጥለው ወር የቆጣሪው ንባብ ስላልነበረ ሂሳቡ በመመሪያው መሠረት ባለፈው ወር በተከፈለው ልክ በግምት ተሠራና መቶ ብር ሆነ። እሱንም ሦስት ሰዎች በየተራ ከፈሉት። ስለዚህ በዚህ ወር ሦስት መቶ ብር መጣ።

ቆጣሪው ለምን እንዳልተነበበ አቶ ሙሉጌታ ተጠየቀ። ቆጣሪው የሚገኘው በግቢው ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሲሄድ የለቅሶው ድንኳን ቆጣሪው ላይ ተተክሎ ነበር፤ ለቅሶ ደርሶ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ሲሄድ የአርባው ሰደቃ ዕለት ሆነ፤ በልቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ወይዘሮ ረቢያ ብቻቸውን ነበሩ፤ አስቀምጠው ስለ እናቱ ጤና ጠየቁት፣ አሳ አቀረቡለት፣ ጁማ እንዴት አድርጎ አሳ ይጋብዝህ እንደነበር ታስታውሳለህ ብለው አለቀሱ። ቆጣሪውን ለማንበብ ተንበርክኮ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ሰው አጠገቡ እያለቀሰ ቆጣሪ የሚጠርግ ሰው ካለ አሁኑኑ ይነሳና ያሳየው ብሎ ጠየቀ። የተነሳ አልነበረም።

ከፋዮቹን ያውቃቸው እንደሆነ ተጠየቀ። በስም ላለመጥራት ለወይዘሪት ሚስጥር ቃል መግባቱን፣ እሷም ለእያንዳንዳቸው ቃል መግባቷን ገለጸ። የሰጠው ምልክት ብቻ ነው። አንደኛው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ቢመጡም የእህል ገለባ በትከሻቸው ላይ ነበር። ሁለተኛው ገንዘቡን ሰጥተው በግዕዝ መርቀዋት ሄዱ። ሦስተኛው መጀመሪያ ሪያል አውጥቶ ነበር። አራተኛዋ ብሩን ከመቀነታቸው ሲፈቱ የምስር ፍሬ ወድቋል። አምስተኛው ደረሰኙን ተቀብለው የፊደል ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለሠራተኛዋ መልሰውላታል።

ፀሐፊው ይህ የመጨረሻው ምልክት ማንንም ሊያመለክት እንደሚችል አስተያየት ሰጠ።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር ጠንካራ ስለነበር ፀሐፊው ዋና ዋናውን ብቻ መዝግቧል። ሊቀመንበሩ ለመሪጌታ፣ እኔ በድብቅ የሰጠሁትን ሰደቃ እርስዎ ምን አገባዎት ብለው ጠየቁ። መሪጌታ እሳቸው ቀድመው መክፈላቸውን፣ ስለዚህ የተደረበው የሐጂ ብር መሆኑን መለሱ። ሐጂ ማን እንደቀደመ በደረሰኝ ይታይ አሉ። መሪጌታ ምጽዋት በደረሰኝ አይረጋገጥም አሉ። ሐቢብ በሁለተኛው ወርም መክፈሉን ሳያስበው ተናገረና ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩበት። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በጥያቄ መልክ፣ የዕቁብ ገንዘባቸውን ሰጥተው በዕቁብተኛው ፊት ያፈሩበት ሃያ ብር ትርፍ ነው የሚላቸው ወንድ ካለ ወደ አጥሩ ቀረብ ይበል አሉ። የቀረበ የለም።

አጀንዳ ሁለት

ትርፉ ገንዘብ እንዲመለስ አቤቱታ ይቅረብ በሚለው ሁሉም ተስማሙ። የማን ገንዘብ ይመለስ በሚለው ላይ ስምምነት አልተገኘም። ከአምስቱ አንዱ ትክክለኛው ክፍያ ሆኖ ይቀራል፤ አራቱ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ አባል የራሱ እንዲቀር፣ የሌሎቹ እንዲመለስ አጥብቆ ጠየቀ። ሐጂ ዕጣ ይውጣ አሉ። መሪጌታ በጾም ዕጣ አልጥልም አሉ። ፀሐፊው ሃያ ለአምስት ሲካፈል አራት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አራት አራት ብር ቢቀርለትና ቀሪው ቢመለስስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐቢብ በአራት ብር ጀነት የገባ ሰው ስለመኖሩ ሐጂን ጠየቀ። ሐጂ በጥያቄው አልተደሰቱም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ አንድ፦ አምስቱም ከፋዮች ደረሰኞቻቸውን ይዘው፣ በየስማቸው ተፈርሞ አቤቱታ ይቅረብ።

ውሳኔ ሁለት፦ አቶ ሙሉጌታ ነገ ጧት ሄዶ ቆጣሪውን ያንብብ። ሳይቀመጥ ያንብብ።

ውሳኔ ሦስት፦ አቤቱታው ሲቀርብ የወይዘሮ ረቢያ ፊርማ ስለሚያስፈልግ፣ ማን ማን እንደከፈለላቸው ሽማግሌ ተልኮ ይነገራቸው። ለዚህም ሐጂ መሪጌታን፣ መሪጌታ ሐጂን መርጠዋል።

ውሳኔ አራት፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አባል የወይዘሮ ረቢያን ሂሳብ በግሉ እንዳይከፍል። ከፍሎ የተገኘ ሃምሳ ብር ይቀጣ።

ውሳኔ አምስት፦ ኢቲሳም እንዳትሄድ ሐቢብ ደላላውን ያነጋግረው። በምን ቋንቋ እንደሚያነጋግረው ለራሱ ተትቷል።

በውሳኔ ሦስት ላይ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ንግግራቸው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ቃል በቃል ተመዝግቧል።

«ምን ልትነግሯት ነው? በታኅሣሥ መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ልክፈል ስትል ተከፍሏል አሏት። ማን ከፈለ ስትል፣ ያቺ ልጅ ደረሰኙ ላይ ያለውን ስም አንብባ ጁማ አለቻት። ይሄው ሦስት ወር ሙሉ፣ ጁማ እንዳልቸገር ብሎ ቀድሞ ከፍሎልኝ ነው የሞተው እያለች ነው የምታድረው። እኔ አጥር ለአጥር ነኝ፣ እሰማታለሁ። አሁን ሄዳችሁ እሱ አይደለም፣ እኛ ነን በሏት እስቲ።»

ጉዳዩ በድምፅ ይወሰን ተባለ። ሦስት እጅ በድጋፍ ወጣ። ፀሐፊው ሲጽፍ ስለነበር እጁን አላወጣም። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በተቃውሞ ማማሰያ ከአጥሩ በላይ አሳዩ። ማማሰያ እጅ ነው ወይ የሚለው ሳይወሰን ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ዕረፍት

10፡00 ሰዓት ላይ ለዐሱር ሰላት የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ተሰጠ። ሐጂ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሐቢብም ወደ መስጊድ ሲሄድ በመንገድ የስልክ ካርድ እንደሚገዛ ተናገረ። መሪጌታ አንድ የታመመ ደቀ መዝሙር ሊጠይቁ ወጡ። ፀሐፊው የእስክሪብቶው ቀለም ስላለቀ ሊገዛ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም፤ ምስሩ አርሯል። ዕረፍቱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲመለሱ ሁሉም አቧራ ለብሰው ነበር። መሪጌታ ስለ ታማሚው ሲጠየቁ ደህና ነው አሉ፤ ስሙን ግን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዕረፍት በኋላ

አቶ ሙሉጌታ በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ቢሮው ሄዶ እንደነበር ገልጾ ሪፖርት አቀረበ። የዚህ ወር ሦስት መቶ ብር ተከፍሏል። ሦስት ጊዜ ተከፍሏል። ከከፋዮቹ ሁለቱ መስኮቱ ዘንድ ተገናኝተው ሰላምታ ሳይለዋወጡ አልፈዋል። ስም ሊጠራ ሲል ሊቀመንበሩ ስም መጥራት ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉት። የውሳኔ አራት የሃምሳ ብር ቅጣት እንዴት ይፈጸም የሚል ጥያቄ ከተሰብሳቢው ቀረበ። ቅጣቱን የሚሰበስቡት ገንዘብ ያዥ በጉዳዩ ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ ቢጠየቁ፣ አሁን የሚሰማቸው ነገር እንደሌለ ከአጥር ማዶ መለሱ።

አቶ ሙሉጌታ ቆጣሪው በዚህ ወርም ካልተነበበ የሚቀጥለው ሂሳብ ዘጠኝ መቶ ብር እንደሚሆን አስታወሰ። ስለዚህ ውሳኔ አንድና ሦስት ዛሬውኑ ይፈጸሙ፣ ሐጂና መሪጌታ አሁን ሄደው ለወይዘሮ ረቢያ ይንገሩ ተባለ። ሁለቱም ከድስታቸው ተነሱ። መሪጌታ ሐጂ ይቅደሙ አሉ። ሐጂ ክህነት ይቅደም አሉ። በዚህ ላይ እያሉ ወይዘሮ ረቢያ በበሩ ቆመው ታዩ።

ወይዘሮ ረቢያ አባል ስላልሆኑ የመናገር ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ማንም አላስታወሰም። የተናገሩት እንዲህ የሚል ነው።

«ሐጂ፣ መሪጌታ፣ በኔ ነገር ተሰብስባችሁ እየተጨቃጨቃችሁ ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ተዉት፣ አትጣሉ። እስከ እሁድ ቀን ይሰጡኝ እንደሁ ብዬ መስኮቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። ተከፍሏል አለችኝ። እሱ ነው። የዚህንም ወር ከፍሎት ነው የሄደው። ወላሂ፣ እኔ ሳልጠይቅ ነው ልጄን ልሰዳት የነበረው። ደላላውንም በስልክ ቅር፣ አትምጣ አልኩት። ኢቲሳም ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

ሐጂ የተነሱበት ድስት ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። መሪጌታ፣ አቶ ጁማ መቼም ቀድሞ ከፋይ ነበሩ ብለው ተናገሩ። ሐቢብ ወደ ውጭ ወጥቶ ቆየ።

ወይዘሮ ረቢያ ታዲያ ስብሰባው በምን ጉዳይ ነው ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ስለ ድስት ነው አሉ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤልም ከአጥር ማዶ ሆነው ድስት ነው ሲሉ አረጋገጡ። ወይዘሮ ረቢያ ደነገጡ። ከለቅሶው የተረፉ ሁለት የቅሬ ድስቶች እሳቸው ዘንድ እንዳሉ፣ እስካሁን ሳይመልሱ በመቅረታቸው ማፈራቸውን ገልጸው ዛሬ ማታ እንደሚመልሱ ቃል ገቡ። በዚህ መሠረት ሦስተኛው አጀንዳ ሳይታሰብ ተጠናቀቀ።

ሲወጡም አቶ ሙሉጌታን አይተው እናትህ ተሻላት ወይ፣ ና እንጂ አረፍ በል አሉት። አቶ ሙሉጌታ ውሳኔ ሁለትን ዛሬውኑ ለመፈጸም፣ ማለትም ቆጣሪውን ሳይቀመጥ ለማንበብ አብሯቸው ሄደ። ስብሰባው እስኪዘጋ አልተመለሰም። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በዚያኛው አጥራቸው በኩል አይተው እንደተቀመጠ አሳውቀዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ተሰብሳቢው ከዚህ በላይ ያሉትን ውሳኔዎች እንደገና መረመረ። አቤቱታ ቢቀርብ ደረሰኝ ይጠየቃል። ደረሰኝ ቢቀርብ የከፋዩ ማንነት ይታወቃል። ማንነቱ ቢታወቅ ወይዘሮ ረቢያ ባላቸውን በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቀብራሉ። ስለዚህ ብዙ ሳይከራከር፣ በሙሉ ድምፅ፣ ማማሰያውም እንደ እጅ ተቆጥሮ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ ስድስት፦ ከውሳኔ አንድ እስከ ውሳኔ አምስት ያሉት በሙሉ ተሽረዋል። የተከፈለ ገንዘብ አይጠየቅም፣ የሚቀጣ ሰው የለም፣ የሚላክ ሽማግሌ የለም። ስብሰባው ስለ ድስት እንደተደረገ ይቆጠር።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡25 ሰዓት ላይ ተዘጋ።

ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ አባል፣ ገንዘብ ያዥ (ወረቀቱ በአጥሩ ላይ ተሰጥቷቸው) እና ፀሐፊ ፈርመዋል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የጉባኤው ውሳኔ አይደለም፤ ውሳኔው ሁሉ ተሽሯል። የፀሐፊው ጥያቄ ነው፤ አባላቱም አንብበው አልተቃወሙም።

መጀመሪያ፣ ቆጣሪው በቶሎ እንዲነበብልን እንለምናለን። ከተቻለ የሚላከው አንባቢ አቶ ጁማን የማያውቅ፣ አሳ የማይወድ ሰው ይሁን።

ቀጥሎ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ቆጣሪ ላይ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለማንም እንዳይመለስ፣ ነገር ግን በመዝገብዎ ላይ «በአቶ ጁማ አስቀድሞ የተከፈለ» ተብሎ እንዲሰፍርና ከየወሩ ሂሳብ እንዲቀነስ እንጠይቃለን። ሐሰት እንዲጽፉ እየጠየቅንዎት አይደለም። ደረሰኞቹ በሙሉ የተቆረጡት በመመሪያዎ መሠረት በደንበኛው ስም ነው፤ ደንበኛው ደግሞ አቶ ጁማ ናቸው። እስካሁን ከተከፈለው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር የሦስቱ ወር ስልሳ ብር ተቀንሶ፣ ቀሪው በወር ሃያ ብር ሲታሰብ አምስት ዓመት ከሁለት ወር ያደርሳል። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ኢቲሳም በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ትቃረባለች።

በመጨረሻም፣ ከዛሬ ጀምሮ ከወይዘሮ ረቢያ በስተቀር ለዚህ ቆጣሪ ልክፈል ብሎ ወደ መስኮቱ የሚመጣ ማንኛውም ሰው፣ ጋቢ ቢከናነብም ቢመርቅም ቢለምንም፣ ገንዘቡ ሳይነካ እንዲመለስ ለወይዘሪት ሚስጥር ትእዛዝ ይስጡልን። ይህ የዚህን ደብዳቤ ፀሐፊም ይጨምራል። ከሁሉም በፊት እሱን እንዲመልሱት እጠይቃለሁ።

አዲሱ ሂሳብ ወር ሳይሞላው ስለሚሠራ፣ መልስዎን እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ በጽሑፍ ይላኩልን። ለወይዘሮ ረቢያ ሳይሆን ለእኔ ይላኩት። ቤቴ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ከበሩ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።

መምህር መዝገቡ
የቅሬው ፀሐፊ